ሽንቴ አሲድ ነው ማለት ደሜም አሲድ ሆኗል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የመመረቂያ ፈተና ደርሶብኝ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ልቤም ይመታል። የሽንት ምርመራ ሳደርግ ፒኤች 5 ነው ተባልኩ። ጓደኛዬ «ስትሬሱ ሰውነትህን አሲድ አድርጎታል፣ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ እየበጠበጥክ ጠጣ» አለኝ። ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሶዳውን አትጠጣ። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበዛል። የሽንት ፒኤች ከ4.5 እስከ 8 ይዋልላል፤ 5 ጤነኛ ሰው ላይ በየቀኑ የሚታይ ቁጥር ነው። የደም ግን ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ነው የሚኖረው። ሽንትህ አሲድ የሆነው ኩላሊትህ አሲዱን ከደምህ አውጥቶ ስለጣለልህ ነው።

ተማሪ ሳለሁ በቀለም የተነከረ ስስ የኩላሊት ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ያየሁበት ቀን አይረሳኝም። ሽንት የሚዘጋጅበት ቀጭን የኩላሊት ቱቦ ሴሎች ወደ ውስጥ ያለው ፊታቸው እንደ ቡሩሽ ጸጉር ጥቅጥቅ ያለ ነው። እዚያ ላይ ኤንኤችኢ3 የሚባል ፕሮቲን አለ። አንድ ሶዲየም ያስገባል፣ በምትኩ አንድ ሃይድሮጅን ያስወጣል። የወጣው ሃይድሮጅን ቱቦው ውስጥ ካለው ባይካርቦኔት (አሲድን የሚያመክን ንጥረ ነገር) ጋር ተገናኝቶ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሴሉ ውስጥ ዘልቆ እንደገና ባይካርቦኔት ይሆንና በጓሮ በር ወደ ደም ይመለሳል። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል፤ አብሮት 4,300 ሚሊሞል ገደማ ባይካርቦኔት ይወጣል። ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ያህሉን የሚመልሰው ይህ የቱቦው የመጀመሪያ ክፍል ነው። ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፣ እስካሁን ይገርመኛል።

አሁን ወደ ጭንቀትህ እንምጣ። ስትጨነቅ ከነርቭ ጫፍ የሚፈሰው ኖርአድሬናሊን የተባለ መልእክተኛ ኬሚካል ይህን የሶዲየምና የሃይድሮጅን ልውውጥ በደቂቃዎች ውስጥ ያፋጥነዋል። አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚባለው ሆርሞንም ይጨመርበታል። የጭንቀት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል ዝግ ይላል፤ የሴሉ ኒውክለስ ድረስ ገብቶ ፕሮቲኑ በብዛት እንዲሠራ ያዝዛል፣ ይህም ሰዓታት ይፈጃል። አሲድ ተሸክሞ የሚወጣውን አሞኒያም ያበዛል። ቱቦው መጨረሻ አካባቢ ደግሞ አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን የሃይድሮጅን ፓምፖቹን ያበረታል። ሁሉም የሚጎትቱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፦ አሲድ ወደ ሽንት፣ ባይካርቦኔት ወደ ደም።

በሽታ ሲመጣ ይህ ጎልቶ ይታያል። ኮርቲሶል ከልክ በላይ ሲበዛ ደም ወደ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ያዘነብላል፣ ፖታሲየም ይወርዳል። ኮርቲሶልንና አልዶስቴሮንን የሚሠራው አድሬናል እጢ ሲደክም ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ አሲድ ይጠራቀማል፣ ፖታሲየም ከፍ ይላል። ጓደኛህ የነገረህ የዚህን ግልባጭ ነው።

ሌላም አለ። የተጨነቀ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተሟጦ ይወጣና ደሙ ወደ አልካላይ ይሄዳል፤ ጣትና ከንፈር የሚደነዝዘው ያኔ ነው። በዚህ ላይ ሶዳ መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል፣ የሚያስገባው ሶዲየምም ለደም ግፊት አይበጅም።

እኔን የሚያሳስበኝ የሽንቱ ቁጥር ሳይሆን የልብ ምትህና እንቅልፍህ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄደህ ግፊትህን ተለካ፣ የልብ ምትህንም ያዳምጡልህ። የአሲዱ ነገር ካላስተኛህ የደም ባይካርቦኔትና ፖታሲየም ይታይልኝ በል። መልሱ የሚገኘው እዚያ ነው። የስኳር ሕመም ካለብህና ትውከትና ከባድ አተነፋፈስ ከመጣብህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።