በሪዘርቭ ላይ ያለ ቤት፦ ገንዘብዎን ከማፍሰስዎ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ካናዳ፣ ማኒቶባ ውስጥ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ባለቤቴ የፈርስት ኔሽን (የካናዳ ነባር ሕዝብ) ተወላጅ ናት፤ ሁለት ልጆች አሉን። የምንኖረው በእሷ ወገኖች መሬት፣ ሪዘርቭ ላይ ነው። ቤቱን የሰጣት የማኅበረሰቡ ካውንስል ነው። በየወሩ እንከፍላለን፤ «የባንኩ ዕዳ ሲያልቅ ቤቱ የእናንተ ይሆናል» ተብለናል። ቤቱ ግን ጠቦናል፤ ምድር ቤቱም ሻግቷል። ለማደስና ሁለት ክፍል ለመጨመር ባንክ ብድር ብጠይቅ «ይህን ቤት በመያዣነት አንቀበልም» አሉኝ። ስለዚህ ያጠራቀምኩትን ላወጣ ነው። ጓደኞቼ «ነገ ባለቤትህ አንድ ነገር ብትሆን ሻንጣህን ይዘህ ትወጣለህ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው? ቤቱስ የማን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችዎ ከነገሩዎት ከፊሉ እውነት ነው። የሻንጣው ነገር ግን ተጋኗል። የካናዳ ሕግ በእርስዎ ሁኔታ ላለ ሰው ብዙዎች የማያውቁት ጥበቃ ሰጥቷል፤ እነግርዎታለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘብዎ ነው። አሁን ባለው ሁኔታ ቤቱ ላይ ካፈሰሱት፣ በኋላ «የእኔ ነው» ለማለት ይቸገራሉ። ስለዚህ ምክሬን ከፊት ላስቀምጠው፦ ወረቀቱ ሳይስተካከል ሚስማር እንኳ አይግዙ።

ከመሬቱ እንጀምር። የሪዘርቭ መሬት የሚተዳደረው በፈረንጆቹ 1876 በወጣውና ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ በተሻሻለው ኢንዲያን አክት በሚባለው ሕግ ነው። መሬቱ በዘውዱ (በካናዳ መንግሥት) ስም ተይዞ ለማኅበረሰቡ መጠቀሚያ የተለየ ነው። ዊኒፔግ ቤት የገዛ ሐበሻ በእጁ ያለው ዓይነት ካርታ እዚህ የለም። አንድ የማኅበረሰቡ አባል በዚህ ሕግ ሊያገኝ የሚችለው ትልቁ መብት ይዞታ ነው። ካውንስሉ ይመድብለታል፣ የፌዴራሉ ሚኒስትር ያጸድቅለታል፣ ከዚያ «ሰርተፊኬት ኦፍ ፖሴሽን» የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል። ይህንንም ቢሆን ማስተላለፍ የሚችለው ለማኅበረሰቡ ወይም ለሌላ አባል ብቻ ነው። ለእርስዎ መሸጥም ሆነ መስጠት አይቻልም። አንቀጽ 28 ደግሞ ሚኒስትሩ ካልፈቀደ በስተቀር፣ አባል ያልሆነ ሰው በመሬቱ ላይ እንዲኖር ወይም እንዲጠቀም በግል የሚደረግን ውል ዋጋ ቢስ ያደርገዋል። ስለዚህ ከባለቤትዎ ጋር «ግማሹ የእኔ» ብላችሁ ብትፈራረሙ መሬቱ ላይ መብት አይሰጥዎትም።

ማግባትዎም አባል አያደርግዎትም። እስከ 1985 ድረስ ሕጉ በሴቶች ላይ ግፍ ይሠራ ነበር። የፈርስት ኔሽን ሴት ከውጭ ሰው ካገባች ሕጋዊ ስታተሷን፣ ማለትም በኢንዲያን አክት የተመዘገበ ተወላጅነቷን፣ ታጣለች። ወንዱ ሲያገባ ግን ጭራሽ ሚስቱም ስታተስ ታገኛለች። ያ በ1985 ቀርቷል። ዛሬ በጋብቻ የሚገኝም የሚጠፋም ስታተስ የለም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እኛ አገር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት ባይሸጥም፣ በላዩ የሠሩት ቤት የራስዎ ንብረት ነው። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ግምት ይዘው ይመጣሉ። «መሬቱ የእነሱ ይሁን፣ የሠራሁት ክፍል ግን የእኔ ነው» ይላሉ። ሪዘርቭ ላይ ይህ እንዲሁ በራሱ አይሠራም።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። ከጻፉልኝ ስነሳ፣ ቤቱ የተሠራው በናሽናል ሃውሲንግ አክት አንቀጽ 95 በሚታወቀው ፕሮግራም ይመስለኛል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ካውንስሉ ከባንክ ይበደራል። የፌዴራሉ ሚኒስትር ዋስ ይሆናል። ሲኤምኤችሲ የተባለው የፌዴራል የቤቶች ድርጅት ድጎማ ይሰጣል። ነዋሪው በየወሩ ይከፍላል። ብድሩ እስከ 25 ዓመት ሊሄድ ይችላል። ካለቀ በኋላ ብዙ ካውንስሎች ቤቱን ለነዋሪው ያስተላልፋሉ። ይህ የሚሆነው ግን በካውንስሉ የቤት ፖሊሲና በፈረማችሁት ውል መሠረት ነው። እስከዚያው ቤቱ የማኅበረሰቡ ነው። የቃል ተስፋ ደግሞ ካውንስል በምርጫ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ውሉን ያውጡና ያንብቡ። «ኪራይ» ነው የሚለው ወይስ «ከፍሎ መረከብ»? የመረከቢያው ቅድመ ሁኔታ ምንድን ነው? ውሉ ላይ ያለው የባለቤትዎ ስም ብቻ ነው ወይስ የሁለታችሁም?

ይህን ሲሰማ ብዙ ሐበሻ የቀበሌ ቤት ነው የሚታየው። በራስ ገንዘብ አድሶ፣ ጭቃውን በብሎኬት ቀይሮ፣ መጨረሻ ላይ «ቤቱ የመንግሥት ነው» መባልን እናውቀዋለን። እዚህ ግን ካውንስሉ ራሱ ተበዳሪ ነው። ነዋሪው ካልከፈለ ካውንስሉ ለትምህርት ቤት ወይም ለውኃ ከሚያስበው ገንዘብ ላይ ቀንሶ ለባንኩ ይከፍላል። ስለዚህ በካውንስሉ ተናደው ወርሃዊ ክፍያውን እንዳያቆሙ። የቤት መረከብ መብታችሁን በገዛ እጃችሁ ታበላሻላችሁ፤ ጎረቤታችሁም ተራው ይገፋበታል።

ባንኩ ለምን እምቢ እንዳለ ደግሞ ይረዱት። በእርስዎ ማንነት አይደለም። የኢንዲያን አክት አንቀጽ 89 በሪዘርቭ ላይ ያለን የማኅበረሰቡንም ሆነ የአባላቱን ንብረት ሌላ ሰው በመያዣ እንዳይዘው ይከለክላል። አንቀጽ 29 ደግሞ መሬቱ በፍርድ እንዳይወሰድ ያደርጋል። ዓላማው መሬቱ በዕዳ ተነቅሎ ለውጭ ሰው እንዳይተላለፍ ነው። እኔ ይህን ጥበቃ ከልቤ አከብረዋለሁ፤ ይህ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ብዙ ሪዘርቭ የሚባል ነገር ላይኖር ይችል ነበር። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ዊኒፔግ ያለ ሰው ቤቱን አስይዞ የሚያድስበትን መንገድ የባለቤትዎ ወገኖች አያገኙትም።

መውጫ የፈለጉለት አሉ። ሞንትሪያል አጠገብ ያለው የካናዋኬ ማኅበረሰብ በ1987 የራሱን የቁጠባና ብድር ተቋም ከፈተ። ተበዳሪው ይዞታውን ከማኅበረሰቡ ለሆኑ ባለአደራዎች ያዛውራል፤ ዕዳው ሲያልቅ ይመለስለታል። ባይከፍል እንኳ መሬቱ ከማኅበረሰቡ እጅ አይወጣም። በ2008 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት በ300 ሚሊዮን ዶላር የፈርስት ኔሽንስ ማርኬት ሃውሲንግ ፈንድን አቋቋመ። ይህ ፈንድ ብቁ ሆነው ለተገኙ ማኅበረሰቦች ብድር ዋስትና ይቆማል። የእናንተ ካውንስል በዚህ ውስጥ እንዳለ ባለቤትዎ ትጠይቅ። በዚህ መንገድ ተበዳሪ የምትሆነው አባሏ እሷ ናት እንጂ እርስዎ አይደሉም።

«ታዲያ ካውንስሉ ሻጋታውን ለምን አያድስልንም?» ይሉኝ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የለውም። የካናዳ ዋና ኦዲተር በ2024 ባወጡት ሪፖርት የፈርስት ኔሽን ቤቶችን ጉዳይ ከ2003 ወዲህ ለ4ኛ ጊዜ መርምረው፣ ብዙ ነገር እንዳልተለወጠ ተናግረዋል። የማኅበረሰቦቹ አገር አቀፍ ተወካይ የሆነው የፈርስት ኔሽንስ ጉባኤ በ2021 ለቤቶች የሚያስፈልገውን 44 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገምቶ ነበር። ኦዲተሯ የደረሱበት ውጤት ደግሞ ከፍላጎቱ 80 በመቶው ገና አልተሟላም የሚል ነው። ሲኤምኤችሲ ገንዘብ ሲያከፋፍል የ2001 የሕዝብ ቆጠራን ይጠቀም ስለነበር ማኒቶባን ጨምሮ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ያሉ ማኅበረሰቦች የሚገባቸውን ድርሻ አላገኙም። ይህ ያናድዳል። ልጆች በሻጋታ ቤት የሚተኙት ከ20 ዓመት በላይ ባለፈው ቆጠራ ምክንያት ሲሆን ዝም ማለት ከባድ ነው። ቢሆንም ቁጣው ወደ ኦታዋ እንጂ ወደ ካውንስሉ ጸሐፊ አይሂድ።

አሁን ጓደኞችዎ ወዳነሱት ነገር። በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዴሪክሰን በሚባለው ጉዳይ የክፍለ ግዛት የቤተሰብ ንብረት ሕግ የሪዘርቭ መሬትን ይዞታ ሊከፋፍል አይችልም ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት የሕግ ክፍተት ነበር። ሲፋቱ ወይም የትዳር አጋር ሲሞት፣ ወረቀቱ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ሜዳ ላይ ይቀር ነበር። በዚህ የተጎዱት በብዛት ሴቶች ናቸው። በ2013 ፓርላማው በሪዘርቭ ላይ ስላሉ የቤተሰብ ቤቶች ሕግ አወጣ፤ ጊዜያዊ ደንቦቹ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ይሠራሉ። አንዳንድ ማኅበረሰቦች በዚህ ጉዳይ የራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። የእናንተ ካወጣ የሚገዛችሁ የራሱ ሕግ ነው። ካላወጣ የሚከተለው ለእርስዎ ይሠራል።

በትዳር እስካላችሁ ድረስ፣ አባል ሆኑ አልሆኑ፣ በቤተሰቡ ቤት የመኖር መብት አለዎት። አንድ ዓመት አብረው የኖሩ ያልተጋቡ ጥንዶችም ይካተታሉ። ባለቤትዎ ብትሞት፣ እግዚአብሔር አያድርገውና፣ ስምዎ ቤቱ ላይ ባይኖርም ለ180 ቀናት በቤቱ መቆየት ይችላሉ። ከዚያም በላይ እንዲቆዩ ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል፤ የልጆቹን ጥቅም ያያል። ብትለያዩ፣ እሷ በቤቱ ላይ ካላት መብት የዋጋውን ግማሽ መጠየቅ ይችላሉ። የሚጠይቁት ገንዘብ ነው፤ ይዞታው ከእሷ ጋር ይቀራል። ቀነ ገደቡን ግን ይያዙ። ለፍቺ ጉዳይ አብሮ መኖር ካቆማችሁበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው። ለሞት ጉዳይ 10 ወር ብቻ ነው። ሐዘን ላይ ሆኖ 10 ወር እንዴት እንደሚያልፍ አያስታውቅም።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግማሽ የሚከፈለው ከሚታወቅ መብት ላይ ነው። ቤቱ ገና የማኅበረሰቡ ከሆነና ካውንስሉ ለባለቤትዎ በቤቱ ላይ የንብረት መብት አላት ብሎ ካላወቀላት፣ የሚካፈል ነገር ላይኖር ይችላል። ያጠራቀሙት ገንዘብ ያኔ ለማኅበረሰቡ ቤት የተደረገ ልገሳ መስሎ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ ወረቀት ወረቀት ያልኩት ለዚህ ነው።

ልጆቹ ላይ እዚህ ቸል እንዳይሉ። ይዞታ ሊወርስ የሚችለው በዚያ መሬት የመኖር መብት ያለው ሰው ነው። የኢንዲያን አክት አንቀጽ 50 ሌላውን ወራሽ ይዞታውን ያሳጣዋል፤ ይዞታው ለአባላት ተሸጦ ገንዘቡ ብቻ ይደርሰዋል። ልጆቻችሁ ስታተስ ማግኘታቸው ደግሞ በእናታቸው ምዝገባ ዓይነት ይወሰናል። እሷ በአንቀጽ 6(1) ከተመዘገበች ልጆቹ ይመዘገባሉ። በ6(2) ከሆነ ግን አባታቸው ስታተስ ስለሌለው ላይመዘገቡ ይችላሉ። ይህን ካርዷን አይቶ ከመገመት ከምዝገባ ቢሮው በጽሑፍ ይጠይቁ። አባልነት ከስታተስ የተለየበት ማኅበረሰብም አለና የአባልነት ደንቡንም ይዩት። ባለቤትዎም ኑዛዜ ትጻፍ። ሪዘርቭ ላይ ለሚኖር ባለስታተስ ሰው ሕጉ ጥብቅ ፎርም አይጠይቅም፤ ፊርማዋ ያለበት ግልጽ ጽሑፍ በሚኒስትሩ ሊጸድቅ ይችላል።

ከውጭ ስላገባች ብቻ ከቤቱ ውጡ የሚል ቢመጣስ? በ2018 የኩቤክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ካናዋኬ ላይ የነበረውን እንዲህ ዓይነት ደንብ አድልዎ ነው ብሎታል። ከ2011 ወዲህም በካውንስሎች ውሳኔ ላይ ለካናዳ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሄድ ጉዳይ ከሆነ ያለዎት ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ደብዳቤው በደረሳችሁ ሳምንት ጠበቃ ያግኙ።

ስለዚህ ከግንበኛው በፊት ወደ ካውንስሉ የቤቶች ቢሮ ሂዱ። አባሏ ባለቤትዎ ስለሆነች ጥያቄውን በስሟ ታቅርብ፤ እርስዎም አብረው ይቀመጡ። መጀመሪያ የሲኤምኤችሲ የእድሳት ድጋፍ ይጠይቁ። ግዴታው ከተሟላ የማይመለስ ብድር ነው፤ የሚያልፈውም በካውንስሉ በኩል ነው። የፌዴራሉ የጤና ተቆጣጣሪ ቤቱን መጥቶ እንዲያይና ስለ ሻጋታው በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ያ ወረቀት ተራችሁን ሊያፋጥን ይችላል። ከዚያ በኋላም የራስዎን ገንዘብ ማውጣት ካስፈለገ፣ ካውንስሉ በውሳኔ ቁጥር የተያዘ ስምምነት ይስጣችሁ። ሥራው መፈቀዱን፣ ባለቤትዎ በቤቱ ላይ ያላትን መብት፣ የወጣው ገንዘብ ከቀሪው ዕዳ ይቀነስ እንደሆነ፣ ቤቱ መቼና ለማን እንደሚተላለፍ ይናገር። ማኅበረሰቡ በራሱ የመሬት ሕግ የሚተዳደር ከሆነ ከላይ ያልኩት የይዞታ ሥርዓት ሊለይ ስለሚችል ይህንንም እዚያው ጠይቁ። ስምምነቱ ሲፈረም ክፍያውን ሁሉ ከእርስዎ ሒሳብ በባንክ ያድርጉ፤ ደረሰኙንም በእርስዎ ስም ያስቆርጡ።