ከቤሩት የተላከ ሐብል ኮምቦልቻ ሳይደርስ ቢቀር ካሳውን ማን ይጠይቅ?

ማመልከት ያለባት እህትሽ ናት፣ አንቺ አይደለሽም። ከቤሩት የላከችልሽ የወርቅ ሐብል 2 ወር ሙሉ አልደረሰም ብለሽ ኮምቦልቻ ፖስታ ቤት ብትመላለሺ ትርፉ ድካም ነው። ካሳው በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ የላኪ ነው። ለአንቺ እንዲከፈል ከፈለገች መብቷን በጽሑፍ ትልቀቅልሽ።

አሁን እንዲህ አድርጉ፦

1. እቃውን ወደላከችበት ፖስታ ቤት ሄዳ ይፈለግልኝ ብላ ታመልክት። ደረሰኙ ላይ ያለው፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ 13 መለያ ያስፈልጋታል። ከላከችበት ማግስት ጀምሮ 6 ወር ካለፈ ጉዳዩ ስለሚዘጋ ዛሬ ነገ አትበል።

2. ሐብሉ የተገዛበትን ደረሰኝ ታያይዝ። ፎቶ ካለም ይጨመር።

ኢንሹራንስ ገብታለት ከሆነ አብሽሪ፣ እስከተመዘገበው ዋጋ ድረስ ይከፈላል። ተራ ሪኮማንዴ (ተመዝግቦ የተላከ ግን ኢንሹራንስ የሌለው) ከሆነ ግን አልዋሽሽም። የላኪውም የተቀባዩም አገር ሕግ ካልፈቀደ በቀር፣ ደንቡ ወርቅ ያለ ኢንሹራንስ እንዳይላክ ይከለክላል፤ የተከለከለ ነገር ደግሞ ቢጠፋ ካሳ የለውም።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገርሽ። ወንድሜ ወደ ደሴ ስልክ ሲልክልኝ ቀረጥ ፈርቶ የጉምሩክ ወረቀቱ ላይ "ያገለገለ፣ 30 ዶላር" ብሎ ሞላ። አዲስ ስልክ ነበር። ጠፋ። ካሳ ሊጠይቅ ሲሄድ ያቺኑ ወረቀት አውጥተው አሳዩት። የገዛ እጅ ጽሑፉ! ምን ብሎ ይከራከር?

እህትሽ ፖስታ ቤት ከመሄዷ በፊት ወረቀቱ ላይ ስንት ብላ እንደሞላች ጠይቂያት።