የትኛውን ሌንስ ልያዝ፣ የትኛውን ልሽጥ? ስለ ሙከራ ፎቶ ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች መነሻቸው አንድ ነው፦ እጅ ላይ ሁለት ሌንስ አለ፣ አንዱ መሸጥ አለበት፣ የሙከራ ፎቶ ተነሥቶ ግን ልዩነቱ አልለይ ብሏል። ጠያቂዎቹ ከሰሜን ሸዋ ናቸው።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ 18-55 እና 50 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 አሉኝ። ሁለቱንም በኤፍ 8 ደጅ ላይ አነሣሁባቸው፤ ልዩነት አጣሁ። 50ውን ልሽጠው?

መልስ፦ ልዩነት በሌለበት ቦታ ላይ ነው ያወዳደርካቸው። ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ (አፐርቸር) መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 8 ላይ ርካሹም ውድ ይመስላል። ዙሙ (18-55ው) 50 ሚ.ሜ. አካባቢ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ ፕራይሙ (ዙም የሌለው 50ው) ግን እስከ 1.8 ይሄዳል። ይህ ማለት ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው። ማታ ቤት ውስጥ በአንድ አምፖል፣ ሹተሩን 1/100 ላይ አድርገህ፣ ፕራይሙ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 640 ከበቃው ዙሙ 6400 ይጠይቅሃል። የቅልቅል ማታ ወይም ክርስትና የምታነሣ ከሆነ ሁለቱን በዚህ ሁኔታ አንሣባቸውና ፊቱን አስፍተህ እይ፤ ጥያቄህ እዚያው ያልቃል።

የጥራት ሙከራ የማይነግርህም አለ። ካሜራህ አነስተኛ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ያለው ከሆነ 50ው እንደ 75 ወይም 80 ነው የሚያሳይህ፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባህ ግድግዳ ነክቶም ቤተሰቡ ሙሉ በሙሉ አይገባልህም። ያገለገለ 18-55 ደግሞ ይህ ነው የሚባል ገንዘብ አያወጣም። እኔ ብሆን ሁለቱንም አልሸጥም።

ከመሐል ሜዳ፦ ሙከራውን ከመጀመሪያው እንዴት ላዘጋጀው? በደንብ ዘርዝርልኝ።

መልስ፦ የተለሰነ ግድግዳ ፈልግ። የድንጋይ ካብ አይሆንም፤ አንዱ ድንጋይ ወጥቶ ሌላው ስለሚገባ ፎከሱ ያሳስትሃል። አራቱ ማዕዘኖች ላይ ደቃቅ ጽሑፍ ያለው ጋዜጣ በደንብ አጣብቅ። መሃሉ ላይ ጋዜጣ እና ከጎኑ ባና ስቀል፤ የሱፉ ክር ጥርት ብሎ መውጣት አለመውጣቱ ከፊደል ይበልጥ ይናገራል። በ50 ሚ.ሜ. እና በአነስተኛ ሴንሰር 4 ሜትር ርቀህ ስትቆም ወደ 1.8 በ1.2 ሜትር የሚሆን ግድግዳ ይገባልሃል፤ ጋዜጦቹን በዚያ ልክ አራርቃቸው።

ቀጥሎ ካሜራው ግድግዳውን ፊት ለፊት ማየት አለበት፤ በዓይን ግምት አይሆንም። ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት መሃሉ ላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈህ ያዝ፣ ካሜራውንም የሌንሱ ነጸብራቅ የፍሬሙ መሃል ላይ እስኪታይ ድረስ አንቀሳቅሰው። መስታወቱን ስታነሣው ዝግጁ ነህ።

ትራይፖዱ ሥር ድንጋይ የያዘ ከረጢት አንጠልጥል፤ የመንዝን ነፋስ ታውቀዋለህና ማለዳ አንሣ። የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፋ፣ ፊልተር ካለ አውልቅ፣ አይኤስኦ 100፣ ነጭ ሚዛኑን (የቀለም ማስተካከያውን) አንድ ቦታ ቆልፍ፣ ፋይሉን ራው (ጥሬ ፋይል) አድርግ፣ ሹተሩን በ2 ሰከንድ ታይመር ልቀቅ። በላይቭ ቪው (በካሜራው ጀርባ ስክሪን) 10 እጥፍ አስፍተህ ፎከስ አድርግና ከሙሉ ክፍቱ ጀምረህ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እያልክ ውረድ። 16 ላይ ሁሉም ሌንስ ደብዘዝ ይላል፤ ጥፋቱ የብርሃን መበተን እንጂ የሌንሱ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር፦ በየአፐርቸሩ ሦስት ሦስት ጊዜ አንሣ፣ በእያንዳንዱም ፎከሱን አበላሽተህ እንደገና አስተካክል። ከሦስቱ የተሻለውን ብቻ ለውድድር አቅርብ። የአንዱ ሌንስ ሦስት ፎቶዎች እርስ በርሳቸው ያላቸው ልዩነት በሁለቱ ሌንሶች መካከል ካለው ልዩነት ጋር እኩል ከሆነ፣ የለካኸው እጅህን ነው፤ ሌንሱን ገና አልለካህም።

ኮምፒውተር ላይ ስታይ ብርሃናቸውን አስተካክለህ እኩል አድርጋቸው። ነጣ ያለው ፎቶ ሁልጊዜ ለዓይን የጠራ ይመስላል።

ከሸዋ ሮቢት፦ የግራው ጎን ብዥ ይላል፣ ቀኙ ጥርት ያለ ነው። ሌንሱ ተበላሽቷል?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ካሜራው ተጣምሞ ቆሞም ሊሆን ይችላል። ካሜራውን ገልብጠህ፣ ላዩን ታች አድርገህ፣ ያንኑ ግድግዳ አንሣ። የደበዘዘው ያው የግራ ጋዜጣ ከሆነ አቀማመጥህን አስተካክል። አሁን የቀኙ ጋዜጣ ከደበዘዘ ግን ጥፋቱ ከሌንሱ ጋር ዞሯል ማለት ነው፤ ውስጡ ያለ አንድ መስታወት ከመሃሉ ተንሸራቷል። ግድግዳ ከሌለህ ከ300 ሜትር በላይ የራቀ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ምረጥ፣ መሃል ላይ ፎከስ አድርገህ ቆልፍ፣ ከዚያ ጉልላቱን ተራ በተራ አራቱ ማዕዘን ላይ አስቀምጠህ አንሣ። አራቱ መመሳሰል አለባቸው። እኩል ደብዛዛ ቢሆኑ ችግር የለውም፤ የሌንሱ ዓይነት ነው። አንዱ ብቻ ከተለየ ግን ዋስትናው ሳያልቅ መልሰው።

ከመንዝ ጓሳ አጠገብ፦ የጭላዳ ፎቶ አነሣለሁ። 55-250 እና 70-300 አሉኝ፤ እኩለ ቀን ላይ ሁለቱም ብዥ ይላሉ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ሌንሶቹን አትውቀሺ፤ አየሩ ነው። ፀሐይ ያሞቀው መሬት ላይ አየሩ ይርገበገባል፣ 100 ሜትር ላይ ያለ ጭላዳ የአንገት ጠጉሩ እንደ ጭቃ ይሆናል። በተከታታይ 10 ፎቶ አንሺና አወዳድሪ፤ ብዥታው ከፎቶ ፎቶ ቅርጹ ከተለዋወጠ አየር ነው። ሙከራውን ማለዳ፣ ከ30 ሜትር ባነሰ ርቀት አድርጊ። ቅዝቃዜው ላይ ግን ሌንሱን ከሞቀ ቤት አውጥተሽ ወዲያው አትጀምሪ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ደጅ ይቆይ። ወደ ቤት ስትመለሺ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልለሽ አስገቢው፣ አለበለዚያ ጤዛ ይይዛል።

ስታወዳድሪ ከአንድ ቦታ ቁሚ፤ የ250ውን ፎቶ 1.2 ጊዜ አሳድገሽ ከ300ው ጋር እኩል አድርጊው። ከዚያ በኋላ 300ው የበለጠ ጠጉር ካላሳየ ተጨማሪው 50 ሚ.ሜ. ትርፉ ክብደት ነው።

ከደብረ ሲና፦ በፕራይሜ ጥምቀትን ሳነሣ የነጠላው ጠርዝ ሐምራዊ ይሆናል።

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ ስለከፈትከው ነው። ነጭ ነጠላ በፀሐይ፣ ከኋላው ጥቁር ጥላ፤ ለሌንስ ከዚህ የከበደ ፈተና የለም። ከፎከሱ ፊት ሐምራዊ፣ ከኋላው አረንጓዴ ከሆነ አፐርቸሩን ወደ 4 ስታጠብበው በጣም ይቀንሳል። ጥግ ላይ ብቻ የሚታይ ቀይና ሰማያዊ ጠርዝ ግን ሌላ ነው፤ እሱ በማጥበብ አይጠፋም፣ ፕሮግራም በአንድ ጠቅታ ያወጣዋል፤ በእሱ ምክንያት ሌንስ አይሸጥም።

ከአንኮበር፦ በመመልከቻው ሳነሣ ይደበዝዛል፣ በላይቭ ቪው ግን ጥርት ይላል።

መልስ፦ ሌንሱ ደኅና ነው። ካሜራውና ሌንሱ በፎከስ አልተግባቡም። ማስተካከያ ያለው ካሜራ ከሆነ ሜኑ ውስጥ ታገኘዋለህ፤ ዋጋቸው ዝቅ ያሉት ብዙዎቹ ግን የላቸውም፣ ያኔ ባለሙያ ያስተካክለው ወይም በላይቭ ቪው ሥራ።

ከደብረ ብርሃን፦ ያገለገለ ስገዛ ከፎቶው በፊት ምን ልይ?

መልስ፦ የስልክህን ባትሪ ከኋላ በኩል አብራበት። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፣ ተወው። ከዚያ ኤፍ 16 ላይ አድርገህ በማንዋል አምስት ፎቶ በተከታታይ ልቀቅ። አንዱ ከሌሎቹ ነጥቶ ከወጣ የአፐርቸሩ ቅጠሎች ዘይት ነክቷቸው እየዘገዩ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ የሙከራ ፎቶዎቹን በቴሌግራም ልላክልህ?

መልስ፦ እንደ ፋይል ከሆነ ላክ። እንደ ፎቶ ከላክኸው ስለሚያሳንሰው ሁለቱም አንድ ይሆናሉ።

ከመሐል ሜዳ፦ ሁሉንም አደረግሁ፤ 100 በመቶ ሳሰፋ አንዱ በጥቂቱ ይበልጣል። ይህ ይበቃል?

መልስ፦ ለአልበም የምታትመው 30 በ20 ሳ.ሜ. ከሆነ 3543 በ2362 ነጥብ ይበቃል፤ ከ24 ሜጋፒክስል አንድ ሦስተኛው ግድም ነው። ሁለቱን በዚያ መጠን አሳንሰህ፣ ስማቸውን ደብቀህ፣ ለሌላ ሰው አሳያቸው። ካልለየ ቀላሉን፣ ፎከሱ ፈጣኑን ያዝ። ከለየ ደግሞ የለየበትን አፐርቸር ተመልከት፤ ሥራህ ላይ የማትጠቀምበት ከሆነ አይቆጠርለት።