አውሮፓን ከጓደኞች ጋር በቁጠባ መዞር፦ ለአንባብያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን። በመስከረም ቦርሳችንን በጀርባችን አዝለን ለ21 ቀናት አውሮፓን ለመዞር አስበናል። በዝርዝራችን ውስጥ ሊዝበን፣ ባርሴሎና፣ ፓሪስ፣ አምስተርዳም፣ በርሊን፣ ፕራግ፣ ቡዳፔስት፣ ቪየና፣ ቬኒስና ሮም አሉ። ከአውሮፕላን ቲኬቱ ሌላ ሦስታችን እያንዳንዳችን 1500 ዩሮ አለን፤ አራተኛዋ ጓደኛችን ግን ያላት 900 ዩሮ ነው። ገንዘባችን ይበቃናል? የባቡር ፓስ ብንገዛ ይሻላል ወይስ በየጉዞው ቲኬት መቁረጥ? አንደኛው ጓደኛችን ደግሞ ከቡዳፔስት ተነሥተን ቤልግሬድ ደርሰን እንመለስ ይላል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ የባቡሩን ጉዳይ ጥቂት ላቆየውና ከአራተኛዋ ጓደኛችሁ ልጀምር፤ ጉዞው መልካም የሚሆነውም የሚበላሸውም በእርሷ ኪስ ነውና። 900 ዩሮ ለ21 ቀናት ሲካፈል በቀን 43 ዩሮ እንኳ አይሞላም፤ ከዚህም ላይ የአልጋ፣ የምግብ፣ የከተማ ውስጥ ትራንስፖርትና ከከተማ ወደ ከተማ የሚወስደው ባቡር ሁሉ ይከፈላል። በፓሪስ ወይም በአምስተርዳም ደግሞ በሆስቴል (ብዙ እንግዶች አንድ ክፍል ተጋርተው በሚያድሩበት ርካሽ ማደሪያ) ለአንድ ተደራራቢ አልጋ ብቻ ይህን ያህል የሚጠየቅበት ሌሊት ጥቂት አይደለም። አሁን የያዛችሁት ዕቅድ ለሦስት ሰዎች የተሠራ ነው፤ አራተኛዋ በየቀኑ እየተሳቀቀች ትከተላችሁ ይሆናል እንጂ አብራችሁ አትጓዝም።

ይህን የምለው በዓይኔ ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ስጓዝ አንደኛው ማታ ማታ «አልራበኝም፤ እናንተ ብሉ» ማለት አበዛ። ቡዳፔስት በገባን በሁለተኛው ሌሊት ውኃ ልጠጣ ወደ ሆስቴሉ ማድ ቤት ስወርድ፣ ትልቁን መብራት ሳያበራ ከምድጃው በላይ ባለችው ትንሽ አምፖል ብቻ ፓስታ ሲቀቅል አገኘሁት። በብዙ ሆስቴሎች ውስጥ የሚሄዱ እንግዶች የተረፋቸውን ጨው፣ ዘይት፣ ሩዝና ፓስታ ለሚመጡት የሚተዉበት መደርደሪያ አለ፤ እርሱም ለአምስት ቀናት ራቱን የበላው ከእንዲህ ያለ መደርደሪያ ነበር። ገንዘቡ እያለቀ መሆኑን የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ከመነሣታችን በፊት ማን ምን ያህል እንደያዘ ከመካከላችን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ይህም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናንተ ይህን ቀድማችሁ ስላወቃችሁ ከእኛ በጣም ትሻላላችሁ። እንግዲህ አንድም ቲኬት ሳትገዙ አራታችሁ ቁጭ በሉና ዕቅዱን በ900 ዩሮ ልክ ቍረጡት። ቀሪዎቹ የሚተርፋቸውን በግላቸው ያሻቸውን ያድርጉበት፤ ሦስታችሁ አንድ ማታ ሬስቶራንት ብትገቡና እርሷ ከሱፐርማርኬት ዳቦና አይብ ገዝታ በወንዝ ዳር ብትበላ ማንም የሚቀየምበት ምክንያት የለም፤ ነገር ግን ይህ አስቀድሞ የተነገረና የተስማማችሁበት መሆን አለበት። ለጋራ ወጪ አንድ የጋራ ቦርሳ ይኑራችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዳችሁ 50 ዩሮ አስገቡ፤ አልጋ፣ ከሱፐርማርኬት የሚገዛ የጋራ አስቤዛና የከተማ አውቶቡስ ከዚያ ይከፈል፤ ሲያልቅ ሁላችሁም እኩል ጨምሩ። መጠጥ፣ ስጦታና የሙዚየም መግቢያ ግን ከየራሳችሁ ይሁን። ገንዘብ ያዡ አንድ ሰው ሆኖ ደረሰኞቹን በአንድ ፖስታ ቢያጠራቅምና ማታ ማታ በስልኩ ላይ ቢመዘግብ ከመኝታ በፊት ከአምስት ደቂቃ የበለጠ አይፈጅበትም። «ዛሬ እኔ ልክፈል፣ ነገ አንተ ትከፍላለህ» የሚለው ልማድ ለአንድ ቀን ያስደስታል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ማን ምን እንደከፈለ የሚያስታውስ አይኖርም፤ ቅሬታ የሚጀምረውም በዚሁ ነው።

ወደ ከተሞቹ ልምጣ። አሥር ከተማ ለ21 ቀናት ማለት በየሁለት ቀኑ ሻንጣ ማሰር ማለት ነው፤ የገንዘብ ጉዳት የሚያስከትለውም ከአልጋው ይልቅ ይህ መንቀሳቀስ ነው። እኔ ብሆን ሊዝበንን፣ ባርሴሎናን፣ ፓሪስን፣ አምስተርዳምንና ቬኒስን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ጉዞውን 16 ሌሊት አደርገው ነበር፦ በርሊን 3፣ ፕራግ 3፣ ቡዳፔስት 4፣ ቪየና 2፣ አንድ ሌሊት በባቡር፣ ከዚያም ሮም 3 ሌሊት። በዚህ ስሌት የጓደኛችሁ ገንዘብ ለአንድ ሌሊት ወደ 56 ዩሮ ይደርሳል፤ ከአምስቱ ከተሞች መካከል ፕራግና ቡዳፔስት በአልጋም በምግብም ከምዕራቦቹ ከተሞች ስለሚረክሱ ሮም ላይ የሚጨምረውን ወጪ ያካክሳሉ። የአውሮፕላኑን ቲኬት በርሊን ገብቶ ከሮም የሚወጣ አድርጋችሁ ፈልጉ፤ ወደ ተነሡበት ከተማ ለመመለስ ብቻ የሚወጣ የባቡር ገንዘብ ከሁሉ የከፋ ብክነት ነው።

ለዚህ መስመር ፓስ፣ ማለትም በአንድ ክፍያ ብዙ ጉዞ የሚያስኬደውን ቲኬት፣ አልመክርም። ዩሬይል የተባለው ፓስ ከ1959 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ የሚሸጥ ሲሆን፣ በ1972 የተጀመረው ኢንተርሬይል ደግሞ ለአውሮፓ ነዋሪዎች ነው፤ ሁለቱም እስከ 27 ዓመት ዕድሜ ላለ ወጣት ቅናሽ አላቸው። በየቀኑ ሐሳቡን ለሚቀይር ወይም ረጅም ርቀት ለሚያካልል መንገደኛ ይጠቅማሉ። ይሁን እንጂ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስፔን ፈጣን ባቡሮች ላይ ፓስ የያዘም ሰው ለመቀመጫ ማስያዣ ተጨማሪ ይከፍላል፤ ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ጣቢያ ከደረሱ በኋላ ነው። እናንተ የምትሻገሩት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ቀኑ ከታወቀ ደግሞ የቼክ፣ የሃንጋሪና የኦስትሪያ ባቡሮች ቅናሽ ቲኬት ቀደም ብለው ይሸጣሉ። ከበርሊን ወደ ፕራግ ስትሄዱ ባቡሩ ከድሬስደን በኋላ የኤልባን ወንዝ ተከትሎ በገደሎች መካከል ስለሚያልፍ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ያን ሰዓት ስልካችሁን ዝጉት። ከቪየና ወደ ሮም በሚወስደው የሌሊት ባቡር ግን መቀመጫ ብቻ ገዝታችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ተደራራቢ አልጋ ያለውን ክፍል ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ የአንድ ሌሊት ሆስቴል ስለሚያስቀር ልዩነቱ ያን ያህል አይከብድም።

የቤልግሬድን ሐሳብ በተመለከተ፣ ሰርቢያ ከሼንገን ክልል፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ውጭ ናት። በቪዛችሁ ላይ የመግቢያው ብዛት 1 ተብሎ ከተጻፈ፣ ከቡዳፔስት ወጥታችሁ ቤልግሬድ ከገባችሁ በኋላ ወደ ሃንጋሪ መመለስ አትችሉም፤ ወደ ለንደን ወይም ወደ ደብሊን ለሚሻገርም እንዲሁ ነው። ቪዛ ገና ካልጠየቃችሁ፣ ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ሲሆን በዚህ ዕቅድ መሠረት ያ አገር ሃንጋሪ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል።

በፕራግ ኮሩና፣ በቡዳፔስት ፎሪንት ያስፈልጋችኋል። የኤቲኤም ማሽን ወይም የሱቅ መክፈያ «በራስዎ ገንዘብ ላስላልዎ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ ምረጡ፤ የማሽኑ ምንዛሪ ከባንካችሁ የባሰ ነው። በፕራግ ጎዳና ላይ ከሚጠጋችሁ መንዛሪ ራቁ፤ በሕጋዊ የምንዛሪ ቢሮ ከተጎዳችሁ ግን ከ2019 ጀምሮ በወጣው የቼክ ሕግ እስከ 1000 ዩሮ የሚደርስ ምንዛሪን በሦስት ሰዓት ውስጥ ማሰረዝ ይቻላል፤ ስለዚህ ደረሰኙን አትጣሉ። የአልጋ ዋጋ ስታወዳድሩም በብዙ ከተሞች የቱሪስት ግብር ስትደርሱ ለብቻው እንደሚጠየቅ አስቡ።

ለማየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የበርሊን ፓርላማን የመስታወት ጉልላት አስቀድሞ ለተመዘገበ ሰው በነፃ መውጣት ይቻላል፤ 1.3 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው በሥዕል የተሸፈነ የበርሊን ግንብ ቅሪትም መግቢያ አይከፈልበትም። በቪየና መንግሥታዊ ኦፔራ ቆሞ የሚታይበት ርካሽ ቲኬት አለ። ሮም ውስጥ በሳን ሉዊጂ ደይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን የካራቫጆን ሥዕሎች ያለ ክፍያ ታያላችሁ፤ የመንግሥት ሙዚየሞች በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ ነፃ ናቸው፤ በየመንገዱ ዳር ቀንና ሌሊት ከሚፈስሱት ቧንቧዎች ጠርሙሳችሁን ሙሉ፤ ውኃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ ከሁለት ሴት ጓደኞቿ ጋር ወደ ፕራግና ቪየና ልትሄድ ነው። በሆስቴል ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል እንደሚያድሩ ስትነግረኝ እንቅልፍ አጣሁ። ልከልክላት ወይ?

መልስ፦ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን አይከልክሏት። ሆስቴል የተጀመረው ለተማሪዎች ታስቦ ነው፤ በ1912 በጀርመን አልቴና ግንብ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ ሆስቴል የከፈተው ሪሻርድ ሺርማን የተባለ መምህር ነበር። ዛሬ በትልልቅ ከተሞች ያሉ ብዙ ሆስቴሎች ለሴቶች ብቻ የተለየ ክፍል አላቸው፤ ሦስቱ ልጆች ይህን ይምረጡ፤ እንግዳ መቀበያው ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነበትን ቤት ይፈልጉ፤ በቅርብ ወራት ያደሩ ሴቶች የሰጡትንም አስተያየት ያንብቡ። እያንዳንዷ የራሷን ትንሽ ጓጉንቸር ቁልፍ ትያዝ፤ የዕቃ ሳጥን ቢኖርም ቁልፉን እንግዳው ራሱ ማምጣት ያለበት ብዙ ቦታ አለና። ፓስፖርትና ገንዘብ ሳጥኑ ውስጥ ይቆለፍበት፤ የፓስፖርቱ ቅጂ በእርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። አዲስ ከተማ የሚገቡት በቀን ብርሃን እንዲሆን የባቡሩን ሰዓት አብራችሁ ምረጡ። 112 በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ በነፃ የሚደወልበት የአደጋ ጊዜ ቁጥር ነው፤ በቃሏ ትያዘው። በየሰዓቱ ቢደውሉላት ስልኳ ባልሠራበት አጋጣሚ ሁሉ እርስዎ ይታመማሉ፤ ከዚያ ይልቅ ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ስትሆን አንድ መልእክት እንድትልክልዎ ተስማሙ፤ የየከተማውን ሆስቴል ስም፣ አድራሻና ስልክ ደግሞ ከመሄዷ በፊት በወረቀት ጽፋ ትስጥዎ።