ፈጣኑ ብስክሌተኛና የደሴ ዳገት

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ የምጽፍላችሁ የ19 ዓመት ወጣት ነኝ። በሜዳው ከጓደኞቼ ሁሉ እቀድማለሁ፤ ወደ ደሴ ስንወጣ ግን ወደ ኋላ እቀራለሁ። የስፕሪንት፣ ማለትም በመጨረሻዎቹ ሜትሮች በሙሉ ፍጥነት የሚሽቀዳደም፣ ብስክሌተኛ መሆን እችላለሁን? ዕድሜውስ እስከ መቼ ነው?

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ ስፕሪንተር በዳገት ወደ ኋላ መቅረቱ የሚያሳፍር አይደለም፤ በመጨረሻዎቹ 200 ሜትር በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስፈተልከው ፈርጣማ ጡንቻ፣ ሽቅብ ሲወጣ ሸክም ይሆንበታልና። ይሁን እንጂ ሦስት ሳምንት በሚፈጀው የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ የየዕለቱ ጉዞ የሰዓት ገደብ ስላለው፣ ተራራውን በጊዜ ያልጨረሰ ከውድድሩ ይሰናበታል፤ ስለዚህ የደሴን ዳገት እንዳትሸሸው አጥብቀን እንለምንሃለን።

ዕድሜውን በተመለከተ፣ ብሪታንያዊው ስፕሪንተር ማርክ ካቬንዲሽ በዚህ ውድድር የመጀመሪያውን የዕለት ድል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008፣ የቤልጂየማዊውን የኤዲ መርክስን የዕለት ድሎች ክብረ ወሰን የሰበረበትን 35ኛውን ደግሞ በ2024 በ39 ዓመቱ አግኝቷል። በዚያው ውድድር የአስመራው ልጅ ቢኒያም ግርማይ፣ ደስታው ለእኛም የተረፈ ነበር፣ ሦስት የዕለት ድሎችንና በነጥብ አንደኛ ለሚወጣው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ወስዷል።

ሁለቱም ያሸነፉት ነፋሱን ከፊት ሆነው በሚከላከሉላቸው የቡድን ጓደኞች እየታገዙ ነውና፣ ብቻህን ከመጋለብ ይልቅ በቡድን መካከል ተጠግቶ መንዳትን ከወዲሁ ተለማመድ።