«እሱ ደህና ነው» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች በሙሉ ልጅ ስለመፈለግ ናቸው። ጸሐፊዎቹም አንድ ሰው ሲቀር 35ን ያለፉ ሴቶች ናቸው።

የደብረ ብርሃኗ አንባቢ 37 ዓመቷ ነው። ስምንት ወር ሞክረው አልያዘላትም። «ዓመት ሳይሞላሽ አትምጪ» ተብላለች።

ዓመት ጠብቁ የሚባለው ከ35 በታች ላሉት ነው። ከ35 በላይ 6 ወር ይበቃል፤ ከ40 በላይ ደግሞ ጭራሽ አይጠበቅም። አንቺ ሁለት ወር አሳልፈሻል። በዚህ ሳምንት ማህፀን ሐኪም ጋ ሂጂ።

ከግንኙነት በኋላ እግርን ግድግዳ ላይ መስቀል ይረዳል ወይ?

አይረዳም።

ከሸዋ ሮቢት የጻፈችው የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጋ ነበር፤ «ዲፖ አመከነኝ እንዴ?» ትላለች። የመጨረሻውን መርፌ ከተወጋች 7 ወሯ ነው።

አላመከነሽም። ዲፖ ከሰውነት ቶሎ አይለቅም። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስኪረገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል። 38 ዓመትሽ ስለሆነ ግን እጅሽን አጣጥፈሽ አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ተመርመሪ።

ረጅሙ ደብዳቤ የመጣው ከደብረ ሲና ነው። 39 ዓመቷ ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ሦስት ጊዜ ተጠምቃለች። አዲስ አበባ ወጥታ አልትራሳውንድ ታይታለች፣ ደም ሰጥታለች፣ የማህፀን ቱቦ ኤክስሬይ ተነስታለች። ሁሉም ደህና ነው ተባለ። አማቷ ሌላ ሐኪም ፈልጊ ይሏታል።

እህቴ፣ ደብዳቤሽ አራት ገጽ ነው። ባልሽ ያለበት ግማሽ መስመር ብቻ ነው፦ «እሱ ደህና ነው፣ ከፊተኛዋ ሚስቱ ልጅ አለው።» ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? 14። እንግዲህ የ14 ዓመት ማስረጃ ይዘን ነው የተቀመጥነው! የወንድ ዘር በሦስት ወር ገደማ እየታደሰ የሚመረት ነገር ነው። በመሃል ኢንፌክሽን፣ የዘር ፍሬ ደም ሥር ማበጥ፣ ብዙ ነገር ሊያጠቃው ይችላል። መኝታ ላይ ጎበዝ መሆንም ሌላ ነገር ነው። ልጅ እምቢ ካላቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ጋ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ። ያንቺ ኤክስሬይ ያማል። የእሱ ምርመራ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ኩባያ ውስጥ መስጠት ነው፤ በቃ። ከሁሉ በፊት መደረግ የነበረበት እሱ ነው።

«ችግሩ ካንተ ነው» አትበዪው። «ምርመራው ለሁለታችንም ነው» በዪው፤ ውሸት አይደለም። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ስለዚህ ከቤት ቋጥሮ ጣርማበርን በሚኒባስ አይወጣም፤ ደብረ ብርሃን ሄዶ እዚያው ይስጥ። ጸበሉን ተዪ አልልሽም፤ እናቴም ትሰማኛለች። ግን የሴት እንቁላል ስትወለድ ይዛው የመጣችው ነው፣ አይታደስም። ባልሽ ሳይመረመር አንድም ወር እንዳያልፍ። አደራ።

አንዷ ጎረቤቷ መንታ የወለደችበትን ክሎሚድ ከፋርማሲ ልትገዛ ነው።

ተይ። ክሎሚድ እንቁላል ለማይለቅቃት ሴት ነው። ቱቦሽ ተዘግቶ ከሆነ ወይም የባልሽ ዘር ከሌለ ምን ይሠራልሻል? ሐኪም አይቶሽ ይዘዝልሽ።

አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘርን ከማህፀን ውጭ አገናኝቶ ማስረገዝ) እዚህ አገር አለ ወይ?

አለ። ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት ማዕከል አለው፣ የግልም አሉ። ግን በራስሽ እንቁላል ከሆነ ዕድሜ እዚያም ይቆጠራል፤ «መጨረሻ ላይ እሱ አለ» ብለሽ አትዘናጊ።

ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን መቼ ልጀምር?

ዛሬ። በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ።

የመጨረሻው ደብዳቤ የወንድ ነው። ጂም ጓደኛው ጡንቻ የሚያወጣ መርፌ ሰጥቶት ሲወጋ ከርሟል። ሚስቱ 36 ዓመቷ ነው፣ አልያዘላትም። መርፌው ከዚህ ጋር ይገናኛል ወይ ይላል።

ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ከሆነ አዎ፤ ሰውነት ዘር ማምረት እስከማቆም ይደርሳል። ካቆምክ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ግን ወራት ይፈጃል። ጠርሙሱን ይዘህ ሐኪም ጋ ሂድ፣ አታፍር። ስለጻፍክልኝም እግዜር ይስጥልኝ፤ የደብረ ሲናውንም ሰውዬ ብታውቀው ይዘኸው ሂድ።