ስለ ጤናና ማኅበራዊ አገልግሎት ማውጫዎች፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የአገልግሎት ማውጫ መረጃ ማጣራት ነው፤ በስልክና በኮምፒውተር የሚታዩት፣ ክሊኒኮችንና መጠለያዎችን የመሳሰሉ አገልግሎቶችን ከአድራሻቸው ጋር የሚዘረዝሩት ማውጫዎች ማለቴ ነው። የቡድኑ አባላት፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ክሊኒክና መጠለያ ለመፈለግ የትኛው መተግበሪያ ይሻላል?

መልስ፦ የት? ለማን? ይህ ሳይታወቅ መልስ የለኝም። የትኛውንም ብትጠቀሙ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

ጥያቄ፦ ማውጫዎች ለምን ቶሎ ያረጃሉ?

መልስ፦ ገንዘቡ ለምረቃው ይወጣና ለማደሻው ስለማይተርፍ ነው። አገልግሎት ሲዘጋ ለማውጫው የሚያሳውቅ ሰው የለም። አንድ መዝገብ «የነፍሰ ጡር ክትትል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ» ይላል እንበል። ሲደወል ግን አዲስ ተገልጋይ የሚመዘገበው ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ነው፤ ያውም መታወቂያ ላለው። ሐሙስ የመጣችው ሴት ተመልሳ ትሄዳለች፤ ሁለተኛ ላትመጣም ትችላለች። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መዝገብ አጠገብ መጨረሻ የተረጋገጠበት ቀን መታየት አለበት እላለሁ፤ ደጋግሜም እላለሁ። ሌላው ችግር ድርጅቱን፣ አገልግሎቱንና ቦታውን አንድ አድርጎ መመዝገብ ነው። ማውጫዎች መረጃን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲመዘግቡ የሚሠራው ኦፕን ሪፈራል የሚባል እንቅስቃሴ ያዘጋጀው የአመዘጋገብ ደንብ (ስታንዳርድ) ሦስቱን ለየብቻ ይይዛል። ድርጅቱ ሳይዘጋ አንዱ ቅርንጫፍ ክትባት ቢያቆም፣ የሚታረመው ያ መስመር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዘመናዊ ስልክ የሌለውስ?

መልስ፦ አጭር የስልክ ቁጥር ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ደዋዩን ወደሚያስፈልገው ማኅበራዊ አገልግሎት የሚመራው 211 የተባለው የስልክ መስመር በ1997 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ተጀመረ፤ በ2000 የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን ቁጥሩን ለዚሁ አገልግሎት መደበው። ጥሩ መልስ ሰጪ ምግብ ፈልጎ የደወለውን ሰው ስለ ቤት ኪራዩም ይጠይቀዋል።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ አልፎበታል። አሁን ቻትቦት፣ ማለትም ጥያቄ በጽሑፍ የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ይበቃል።

ሌላ አባል፦ ለእናቴ የማይሠራ ስልክ ቁጥር የሰጣት ቻትቦት ነው!

አንድ አባል፦ ሰውም ይሳሳታል እኮ።

ሌላ አባል፦ ሰው «ቆይ ላጣራ» ይላል።

መልስ፦ ክርክሩ ይብቃ። ቻትቦት ያረጀ ማውጫ ካነበበ ያረጀውን አሳምሮ ይነግራችኋል። ደውሉ።

ጥያቄ፦ የፈለግሁትን ሌላ ሰው ያውቅብኛል?

መልስ፦ ሊያውቅ ይችላል። የኤችአይቪ ምርመራ የፈለገ ሰው ፍለጋው ብቻ ብዙ ይናገርበታል። ጥቃት የሚደርስባት ሴት በጋራ ስልክ ባትፈልግ ይሻላል፤ አንዳንድ ድረ ገጾች ላይ ያለው «ፈጥነህ ውጣ» የሚል ቁልፍ ገጹን ይሰውራል እንጂ የፍለጋ ታሪኩን አያጠፋም። የተደበቀ መጠለያ አድራሻም ካርታ ላይ አይውጣ፤ ስልኩ ይበቃል። በዚህ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ መተግበሪያ ለመሥራት ስንት ያስወጣል?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የትኛው መተግበሪያ ነው ጥሩው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ። የማረጋገጫ ቀን የሌለውን አይመኑ።

ጥያቄ፦ ስሕተት ካየሁ ለማን ልናገር?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለማውጫው አዘጋጆች ይጻፉ፤ «ስሕተት አለ» ብቻ አይበሉ። የትኛው መስመር እንደሆነ፣ ትክክለኛውን፣ ከማን እንደሰሙና ቀኑን ይጨምሩ። ለተቋሙም ይንገሩ፤ በሌሎች ማውጫዎች ውስጥ ያው ስሕተት ሊኖር ይችላል።